አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት

«በቁጥር አትንገረኝ ከሊል፤ ቁጥር አይገባኝም። ሰው ይጋደምበትና ልየው» አለች ሴትየዋ ከአቢጃን። ድምጿ ከታብሌቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ቤቱ ባዶ ስለሆነ ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ኩሽና ድረስ ይሰማል። ሲቲና ኩሽናው ወለል ላይ ተንበርክካ ቀለም ቀቢዎቹ ያንጠባጠቡትን በምላጭ እየፋቀች ነበር። ሰው ሲባል እሷን ማለታቸው እንደሆነ የገባት ከሊል በሩ ላይ ቆሞ በጣቱ ሲጠራት ነው። «ያላ ሲቲና፣ አንዴ እዚህ ግቢና ተጋደሚ። ደቂቃ አይፈጅም።»

ከሊል ቤይሩት ዳር ባውሽሪዬ ውስጥ ከጎማ ሻጩ አጠገብ ባለች ቢሮ ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ነው። ሲቲና በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮውን ታጸዳለታለች፤ ተሠርቶ ያለቀ ቤት ሲኖር ደግሞ እሱን ትወለውላለች። ገዢ አሁን በእግሩ መጥቶ አያይም። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ያሉት አቢጃን፣ ዱባይ፣ ሞንትሪያል ነው፤ ባሉበት ሆነው ዓይናቸው ላይ ትልቁን መነጽር ያስሩና ገና መሠረቱ ያልወጣ ቤት ውስጥ ይዘዋወራሉ። ግራ ሲዞሩ ሳሎን ያያሉ፣ ቀኝ ሲዞሩ ባሕር። የአቢጃኗ ማዳም ጂሴል ይህን ስድስተኛ ፎቅ የወደደችው እንዲያ አይታው ነው፤ መቶ ስልሳ አምስት ሺህ፣ ፍሬሽ ዶላር፤ ባንክ ያልያዘው፣ በእጅ የሚቆጠር። ዛሬ ቤቱ አልቆ፣ ከሊል በታብሌቱ ካሜራ እውነተኛውን ክፍል ሁሉ እያሳያት፣ ታብሌቱ ደግሞ ባዶው ቦታ ላይ የዕቃ ሥዕል እየደረደረላት ነበር። ሶፋው ገባ። የምግብ ጠረጴዛው ከስምንት ወንበሩ ጋር ገባ። የእናቷ አልጋ ከቁምሳጥኑ ጋር ገባ፣ ለተሽከርካሪ ወንበሯም መዞሪያ ተረፈ። ከኩሽናው ጀርባ ያለችው ክፍል ጋ ሲደርሱ ግን አልጋው ቀይ ሆነ። ዕቃው ግድግዳ ከነካ ታብሌቱ ቀይ ያደርገዋል። ከሊል አልጋውን አዞረው፤ ቀይ። የልጅ አልጋ መረጠ፤ እሱም ቀይ። ሰው ይጋደምበት የተባለው ያን ጊዜ ነው።

ሲቲና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች። ክፍሏ መስኮት የላትም፤ ከላይ በኩል መዳፍ የሚያህል የአየር ቀዳዳ ብቻ አለ። ግድግዳው ላይ የውኃ ማሞቂያው በርሜል ተሰቅሏል፣ ከሥሩ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚገጠምበት ቱቦ ወጥቷል። በሩ ብረት ነው። ወለሉ ገና የሲሚንቶ ብናኝ አልለቀቀም። መጀመሪያ ተቀመጠች፣ ቀጥላ በጀርባዋ ተጋደመች። አናቷ ግድግዳውን ነካ፤ እግሯ በሩ ጋ ደረሰና ተረከዟ ደፉ ላይ ወጣ። ከሊል ከበላይዋ ቆሞ ታብሌቱን ዘቅዝቆ ያዘ። ከታች ስታየው ፊቱ አይታይም፤ አገጩና የታብሌቱ ጀርባ ብቻ።

«ትወጣለችኮ» አለች ጂሴል።

«ጉልበትሽን እጠፊ» አለ ከሊል። ሲቲና አጠፈች።

«ሀ፣ ገባች። ሰው ተጣጥፎ አይደል የሚተኛው። ደግሞ እናቴ ጋ ያለችው ልጅ ከዚች ታጥራለች። አልጋ ምን ያደርግላታል፣ ወለል ላይ የሚነጠፍ ፈርሼ ይበቃታል፤ ጠዋት ጠቅልላ ማሽኑ ላይ ታደርገዋለች። ሜርሲ ከሊል።»

ምስጋናው ለከሊል ነበር። ወለሉ ላይ ላለችው ሴት ማንም ምንም አላለም። ሲቲና ተነሥታ የጀርባዋን ብናኝ ለማራገፍ እጇን ወደ ኋላ ብትልክም አልደረሰላትም፤ ወደ ኩሽናው ተመልሳ ምላጩን አነሣች። ሁለት ጊዜ ፋቀች፣ በሦስተኛው ምላጩ እብነበረዱን ጫረው። ትንሽ ጭረት ናት፤ ብርሃን ካልመታት አትታይም። ሌላ ቀን ቢሆን ትደነግጥ ነበር። ዛሬ ቁጭ ብላ አየቻትና አለፈቻት።

እናቴ ጋ ያለችው ልጅ የተባለችው ሲሀም ናት፣ የሲቲና ታናሽ እህት። ዓይን ኤል ረማነህ ውስጥ የማዳም ጂሴልን እናት ማሪያን ስትጦር አራተኛ ዓመቷ ነው። ከሊልን ከዚያ ቤተሰብ ጋር ያገናኘችው ደግሞ ራሷ ሲቲና ነበረች። ሴትየዋ እግራቸው ከደከመ ወዲህ ሦስት ፎቅ መውረድ አልቻሉም፤ ልጃቸው አሳንሰር ያለው ቤት እየፈለገች ነው ብላ ሲሀም በስልክ ስትነግራት፣ ሲቲና ያሰበችው ስለ አሳንሰሩ አልነበረም። የባውሽሪዬው ሕንጻ ሲቲና ከሁለት ሴቶች ጋር ተከራይታ ከምትኖርባት ክፍል በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ከመጀመሪያ አሠሪዋ ቤት ከወጣች አምስት ዓመት ሆኗታል፣ የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ ዓይን ኤል ረማነህ ለመሄድ ሁለት ሰርቪስ ታክሲና አንድ የወታደር ኬላ አለ። ስለዚህ እህትማማቾቹ በአንድ ከተማ እየኖሩ ቢበዛ በወር አንድ እሑድ ነበር የሚተያዩት።

በጥር ብርድ አንድ ቀን ከሊል ደስ ብሎት ኖሮ ቢሮ ውስጥ መነጽሩን አሰረላትና «ግቢ፣ ተዘዋወሪ» አላት። ሲቲና እጇን ዘርግታ እየተንገዳገደች ሳሎኑን አለፈች፣ ኩሽናው ውስጥ ገባች፣ ትንሹን በር አገኘች። ውስጡ ነጭ አልጋ ነበረ፣ አረንጓዴ መጋረጃ፣ መስኮት። ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ አንሶላው ላይ አርፏል። በማግሥቱ ለሲሀም ደውላ ነገረቻት። «ይከፈታል መስኮቱ?» አለች ሲሀም። «ይከፈታል» አለች ሲቲና፤ ሞክራ ግን አላየችም ነበር። ሲሀም ለአሮጊቷ ነገረች፣ አሮጊቷ ለልጃቸው፤ ነገሩ እንዲህ እየሄደ እዚህ ደረሰ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከሊል መነጽሩን በቦርሳ ይዞ «ከእኔ ጋር ነይ» አላት። የዓይን ኤል ረማነህ ቤት በአሮጊቷ ስም ስለሆነ እሳቸው ካልፈረሙ አይሸጥም፤ እሱ ካልተሸጠ ይኼኛው አይገዛም። አሮጊቷ ደግሞ ልባቸው አልቆረጠም። «መነጽሩን አሳያቸዋለሁ፤ እህትሽ ደግሞ ጥሩ ነው ትበላቸው። ከልጃቸው ይልቅ እሷን ይሰማሉ» አላት መኪናው ውስጥ። ሲቲና ወደ ውጭ ታያለች። ኬላው ላይ ወታደሩ ከሊልን አይቶ በእጁ አሳለፋቸው።

«ተቀይመሻል» አለ ከሊል ትንሽ ቆይቶ።

«አይ።»

«ያኒ፣ እኔ በጦርነቱ ጊዜ ልጅ ሆኜ ከአራት ወንድሞቼ ጋር ከዚያች የምታንስ ጓዳ ውስጥ ነው የተኛሁት። ሰው ይለምዳል።»

አንተ ጦርነት ስለነበር ነው፤ አሁን ጦርነቱ ከማን ጋር ነው? ልትለው ፈለገች። በዐረብኛ አቀናብራ እስክትጨርስ መኪናውን አቆመ።

ደረጃው ጨለማ ነበር፤ መብራት የለም፣ የሰፈሩ ጄኔሬተርም እስከ አሥር ሰዓት አይነሣም። በሩን ሲሀም ከፈተች። ሻርፗን አጥብቃ አስራለች፣ እጇ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ከሊል ስላለ አልተቃቀፉም፤ ሲሀም የእህቷን ክንድ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀች፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን ብናኝ አይታም በመዳፏ መታ መታ አደረገችላት። ቤቱ ያረጀ ነው፤ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ ወለሉ ባለ አበባ ንጣፍ፣ የሟቹ ባል ፎቶ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን። በተከፈተው በር የአሮጊቷ መኝታ ክፍል ይታያል። ሁለት አልጋ አለ፤ አንደኛው የእሳቸው፣ በረንዳው ጋ ያለው የሲሀም። የባላቸው አልጋ ነበር። ሌሊት ሲነቁ ሰው ካልመለሰላቸው ይጮኻሉና፣ በሁለተኛው ዓመት ላይ ራሳቸው ናቸው ሲሀምን ከኩሽና አውጥተው እዚያ ያስተኟት። ሰፈሩ ሁሉ «ተታ ማሪያ» ነው የሚላቸው፤ አያቴ እንደ ማለት ነው።

ከሊል ተንበርክኮ እጃቸውን ሳመ፤ መነጽሩን አሰረላቸው። ተታ ማሪያ መጀመሪያ ፈሩ፣ የወንበራቸውን እጀታ ያዙ። ከዚያ አንገታቸው ቀስ እያለ መዞር ጀመረ። «ይኼ ሁሉ የእኔ ነው?» አሉ። ባሕሩን አዩ። መብራቱ ሁሉ በርቷል አሉ። ከሊል ታብሌቱ ላይ እያየ ግራ ነው ቀኝ ነው ይላቸዋል። ሲሀም አጠገባቸው ቆማ እንደ ልጅ ትስቃለች። «የሲሀም ክፍል የታል?» ብለው ሲጠይቁ ከሊል ሲቲናን በጨረፍታ አያትና «ይኸው፣ ኩሽናውን ይለፉ፣ ትንሹ በር» አለ። «እንዴት ያለች ቆንጆ ክፍል ናት» አሉ ተታ ማሪያ። መነጽሩን አወለቁና «ነይ አንቺም እይ» ብለው ለሲሀም ሰጧት።

ሲሀም መነጽሩን አጠለቀች። ሲቲና ግድግዳውን ተደግፋ አየቻት። እህቷ ባለ አበባው ወለል ላይ በስስ ካልሲ ቆማ፣ አፏ ገርበብ ብሎ፣ አንድ እጇን ወደ ፊት ዘረጋች። የመጋረጃውን ጫፍ እየፈለገች ነው። አየሩን ይዛ ወደ ጎን ሳበችው። «እትዬ፣ መስኮቱ» አለች በአማርኛ፤ «ወደ ምን ነው የሚያየው?»

«መስኮት የለውም» አለች ሲቲና።

ሲሀም የዘረጋችው እጅ እንደተንጠለጠለ ቀረ። «ይኸው እያየሁት።»

«ሥዕል ነው፣ ወላሂ። ክፍሉ መስኮት የለውም። የውኃ ማሞቂያና የልብስ ማጠቢያ ነው ያለበት። በሩ ብረት ነው። አልጋ አይገባም፤ በሜትር ለክተውታል፣ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ነው። ፈርሼ ይበቃታል ብለዋል።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ጠዋት ተጋድሜበት ነው። በእኔ ነው የለኩት።»

ከሊል አማርኛ አያውቅም፤ ግን «ፈርሼ» የሚለው ቃል የራሱ አገር ቃል ነው። «ምንድን ነው የምትነግሪያት?» አለ። ሲቲና ዘወር ብላ ያንኑ በዐረብኛ ለአሮጊቷ ደገመችው፤ ቀስ ብላ፣ አንድም ሳትጨምር። ከሊል ፈገግ ለማለት ሞከረ። በመጀመሪያው ፕላን ላይ መስኮት ነበረ፣ የጎን ሕንጻ ስለመጣ ነው የተዘጋው፤ መነጽሩ ውስጥ ያለው አልታረመም፣ ይኼ ምን ችግር አለው አለ። ሠራተኛ ክፍል ውስጥ የምትገባው ለመተኛት ነው፤ የተኛ ሰው መስኮት ምን ያደርግለታል አለ።

ሲሀም መነጽሩን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ ዙሪያ የመነጽሩ ጠርዝ ቀይ ምልክት ትቶባታል። ሲቲና የምታውቃት ሲሀም ገና ከወረባቦ ስትመጣ ጀምሮ ድምፅ የሌላት ልጅ ናት። ደሞዟ ሲዘገይ የምትጠይቅላት ሲቲና፣ እሑድ ዕረፍት እንዲሰጧት የተከራከረችላት ሲቲና ነበረች። አሁን ግን ወደ እህቷም አላየችም። ሶፋውን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ወለሉ ላይ ቦታ ለቀቀች፤ ከዚያ ደግ እንግዳ እንደምታስተናግድ ሁሉ መዳፏን ዘርግታ ቦታውን አሳየች።

«ሙስዩ ከሊል» አለች በዐረብኛ፣ «እባክህ እዚህ ተጋደም።»

«ምን?»

«ተጋደም። ተታ ይዩህ። ከዚያ ጉልበትህን እጠፍ እልሃለሁ።»

ከሊል ሳቀ። አብሮት የሳቀ አልነበረም። ታች መንገዱ ላይ የጋዝ ሻጩ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። ተታ ማሪያ አንዴ ከሊልን አንዴ ወለሉን እያዩ ቆዩና፣ ነገሩ ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው ባይታወቅም፣ «እስቲ ተጋደም የኔ ልጅ፣ ምን አለበት» አሉ። የከሊል ጆሮ ቀላ። መነጽሩን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ሲከት ገመዱ ተጠላለፈበት። «የብረት በር ነው አላችሁ?» አሉ አሮጊቷ፤ «ታዲያ ሌሊት ስጠራት እንዴት ትሰማኛለች? እኔ አልፈርምም።» ያሰቡት ለራሳቸው ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሲቲና በልቧ ትታዘባቸው ነበር።

ከሊል ሲወጣ በሩ ላይ ሲቲናን «ነገ እንዳትመጪ። ከነገ ወዲያም» አላት። ወዲያው ከደረጃው ሥር በስልክ ሲያወራ ተሰማ፤ ለአቢጃን ነው የደወለው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የአሮጊቷ ስልክ ጮኸ። ሲሀም የማዳምን ስም አየችና እህቷን «ደረጃው ላይ ጠብቂኝ» አለቻት። «እኔ ላናግራት፤ አንቺ እኮ አታውቂም እንዴት እንደ…» ስትል ሲቲና፣ ሲሀም በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችባት።

ሲቲና ታች ወረደች። የጽዳት ባልዲዋ ከመኪናው ወርዶ እግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጧል፣ መወልወያዋ አጠገቡ ተጋድሟል፤ የከሊል መኪና የለም። ባልዲዋን ይዛ ወደ ደረጃው ተመለሰችና የመጀመሪያው እርከን ላይ ተቀመጠች። ሥራው ቆጭቷት እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ ቆጭቷታል፤ ግን እላዩ ላይ የቆመ ሌላ ነገር አለ። ጠዋት ሴትየዋ «ሰው» ስትል አንድ ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ሲቲና ደግሞ ባልዲ እንደሚቀርብ ቀረበች። አልጠየቀችም። እንቢም እሺም አላለችም። ቢመቷት እንኳ ትጮኽ ነበር። ማንም እኮ በጉልበት አልጣላትም።

ጄኔሬተሩ ተነሥቶ የደረጃው መብራት ሲበራ ሲሀም ወረደች። መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ከላይ አንድ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፈተ።

«ተጋደሚ ሲልሽ ዝም ብለሽ ተጋደምሽ?» አለች ሲሀም በመጨረሻ።

«ዝም ብዬ።»

«እኔ እኮ አንቺን ነው የማየው። እዚህ አገር እንዴት ቀጥ ተብሎ እንደሚቆም ከአንቺ ነው የማየው።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ወለሉ ላይ ሆነሽ ምን አሰብሽ?»

ሲቲና መዋሸት ትችል ነበር። ተናደድሁ፣ አለቀስሁ፣ የእናታችንን ስም ጠራሁ ማለት ትችል ነበር። «አንቺን ጎኔ አስቤ ለካሁሽ» አለች። «በአራት ጣት ነው የምታጥሪኝ። ግድግዳው አናቴን ሲነካኝ፣ ሲሀም አይነካትም፣ ትበቃታለች አልኩ። ቅርቤ ትሆናለች አልኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም፣ በአላህ። ንዴቱ የመጣብኝ ኋላ ነው።»

ሲሀም ጉልበቷን አቅፋ ወደ ደጁ አየች። ፊቷ አልተቆጣም፣ አልራራምም። ትንሽ ቆይታ ማዳም ያለችውን ነገረቻት። መጀመሪያ ጮኻ ነበር። ሲሀም ግን እዚያ ክፍል አልገባም፣ ወይ ተታ ክፍል ውስጥ በአልጋ እተኛለሁ፣ ወይ ትኬቴን ቁረጪልኝ አለቻት። ተታም በላይዋ አልፈርምም አሉ። እናቷን ዛሬ ማታ የሚያገላብጥላት ሌላ ሰው ቤይሩት ውስጥ የላትም፤ ስለዚህ እሺ አለች። ቤቱን ትገዛዋለች፤ የሠራተኛ ክፍል የለውም ብላ ከሊልን ዋጋ አስቀንሳዋለች። የሲሀም አልጋ ተታ ክፍል ይገባል፣ ባሕሩ በኩል።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሲቲና።

«እሑድ ግን የለም።»

«ምን ማለት ነው የለም?»

«ምላስ ያወጣሽው እሑድ እሑድ ከምታገኚያቸው ሴቶች ነው አለችኝ። ከእንግዲህ አልወጣም። አንቺም አዲሱ ሕንጻ በር ላይ እንዳትታዪ፤ ለዘበኛው ይነገራል። ወረቀት እንደሌለሽ ከሊል ነግሯታል።»

ሲቲና ተነሣች። ባልዲው ተገልብጦ ደረጃው ላይ ተንከባለለ። ሦስቱን ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ልትወጣ፣ ስልኩን ከአሮጊቷ ነጥቃ በዐረብኛም በአማርኛም ያላትን ሁሉ አቢጃን ድረስ ልትዘረግፈው ነበር። አሥር ደቂቃ መንገድ፤ ለዚያ አሥር ደቂቃ ነበር ወለል ላይ የተጋደመችው። ሲሀም ከተቀመጠችበት ሳትነሣ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች።

«ተይው።»

«ልቀቂኝ ሲሀም።»

«ተይው አልኩሽ እትዬ። ይኼ የእኔ ነው። ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትናደጂልኝ። ዛሬ እኔ ልናደድበት።»

ሲቲና ቆመች። ሲሀም ቀሚሷን ለቀቀች፤ ወርዳ ባልዲውን አንሥታ አስጨበጠቻት፤ ከዚያ ሳትስማት፣ ደኅና ዋዪም ሳትላት ደረጃውን መውጣት ጀመረች። እርምጃዋ አልፈጠነም። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ከላይ ተታ ማሪያ «ማነው?» ሲሉ ተሰማ። «እኔ ነኝ» አለች ሲሀም፤ ቀጥሎ በሩ ደረጃው እስኪያስተጋባ ድረስ ጓ ብሎ ተዘጋ። ሲቲና ባልዲዋን እንደያዘች ወደ ላይ አንጋጣ ቀረች። እህቷ በር ስትወረውር ሰምታ አታውቅም ነበር።